ደርሶ መልስ

«ስንት ሜትር?» አለኝ ረሞልኮይ፣ ከሒሳቡ ቀና ብሎ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
«አራት» አልኩት። ለክቻለሁ፣ በገመድ፣ በክንዴ፣
ደግሞም በአባቴ ሜትር፤ ሦስቴ ነው፣ አይደለም አንዴ።

«መልሱስ?» አለ። ዝም አልኩ።
«ኮረንቲ ሄዶ አይቀርም፤
በቀይ ወጥቶ በጥቁር ካልገባ ሥራ አይሠራም።
መሄጃው አራት ከሆነ ስምንት ብለሽ ቁጠሪ፤
ቀጭን ከሆነ መንገዱ፣ ባሕር ላይ ነው የምታድሪ።»

ዝናቡ የዳልካሁዌን የቆርቆሮ ጣሪያ ይቀጠቅጣል፤
ቺሎዌ ላይ ዝናብ እንደ ዘመድ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል።

ሦስት ጥቅል አወረደልኝ ከመደርደሪያው ላይ።
አንዱ ቀጭን፣ ርካሽ፣ እንደ በርበሬ ቀይ።
አንዱ የብየዳ ኬብል፣ ለስላሳ፣ እንደ እባብ የሚታጠፍ፤
ጨው የቀመሰ እንደሁ ግን ውስጥ ውስጡን የሚረግፍ።
የሦስተኛውን፣ የወፍራሙን፣ ጫፉን በቢላ ሲልጥ አየሁ፤
ቀይ መዳብ ስጠብቅ፣ የሽማግሌ ፀጉር የመሰለ ሽበት አገኘሁ።
«ክሩ ሁሉ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ጨው ገብቶ አይጨርሰውም።
ሰባ ካሬ ሚሊሜትር ነው።» ዋጋውን ቶሎ አልጠራውም።

ሲጠራው፣ ያሥራ አንድ ቅርጫት ዓሣ ነበር የጠራው፤
እጄ ወደ ቀጭኑ ቀይ ሄደ፣ ድህነት እንደሚመራው።
«ጉዞው ሲረዝም» አለ «ቀጭን ሽቦ ይግላል፤
ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሞተርሽ ያስላል።
ግን ባትሪዎቹን ከኋላ ለምን አነሣሽ?» አለ በመጨረሻ።
«ኋላዋ ከብዶ ነው» አልኩት፤ እውነት ነው፣ ግን መሸሻ።

አባቴ ባውዲሊዮ ሠላሳ አራት ዓመት አፍንጫዋ ላይ ተቀምጧል፤
ሞገዱን ይሰድባል፣ መረቡን ይቆጣል።
ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነበር፣ ከነቦቱ፣ ከነካፖርቱ፤
እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት፤ ሚዛኗ ነበር ክብደቱ።
ባለፈው ክረምት ዳሌው ተሰበረ፤ ባሕር ላይ እንኳ አይደለም፣
ደጃፋችን፣ እርጥብ ደረጃ ላይ፤ ይህን እስካሁን ይቅር አላለም።
ከዚያ ወዲህ ጀልባይቱ አፍንጫዋን ሰቅላ ትሄዳለች፤
ዕዳ እንዳለበት ሰው ሰማይ ሰማይ ታያለች።
ተንሳፋፊ ግንድ ቢመጣ፣ ከእሷ አፍንጫ ወዲያ አላይም፤
እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ያን ባዶ መቀመጫ ደፍሬ አላይም።

አንድ ባትሪ ሃያ ሦስት ኪሎ፤ ሁለቱ አርባ ስድስት ናቸው።
ከመቀመጫው ሥር፣ በሳጥን፣ በጠፍር ላሥራቸው።
የቀረውን ሠላሳ ስድስት ኪሎ
የሚሸጥ ሱቅ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለረሞልኮይ አልነገርኩም፤ እሱም አልጠየቀ፤
ስምንቱን ለክቶ ሲያበቃ አንድ ክንድ መረቀ።
«ፊውዙን ከባትሪው አታርቂ፤ ስንዝር ይበቃል፤
ጫፉን በመዶሻ እንዳትደበድቢ፤ በመቆንጠጫ ይጠብቃል፤
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ባሕር ይህን ያውቃል።»

እሑድን ሙሉ በጉልበቴ፣ ከወለሏ ሥር፣ ከዘይቱ ጋር፤
ኬብሉ አልታጠፍ ብሎ ሲታገለኝ፣ ልክ እንደ አባቴ ግትር።
እሱ ዳር ላይ፣ ወንበሩን ጠጠሩ ላይ አስተክሎ፣
ባትሪዎቹን ያያል፣ «ቦታዬን ያዙት» ብሎ።
እየሳቀ ይሁን እየተቆጣ፣ በዝናቡ መሐል አልለየሁም።

ቁልፉን አዞርኩ።
ሞተሩ አላመነታም፤ በመጀመሪያው ነቃ፤
ስንት ጠዋት ያሳለው ነበር፣ ያ ሳሉ ዛሬ አበቃ።
እስከ ኪንቻዎ ጫፍ ወጣሁ፤ አፍንጫዋ ዝቅ አለ፤
ግንዱም፣ ወፉም፣ ዳርቻውም፣ ሁሉም በየቦታው አለ።

ስመለስ፣ የወረወርኩትን ገመድ ቁጭ ባለበት ቀለበ፤
ስለ ዓሣው አልጠየቀኝም፤ ጥቂት እንደ ሐኪም አሰበ።
«ኬብሉን ነካሽው?» አለኝ። «ይሞቃል?»
ጎንበስ ብዬ መዳፌን ጫንኩበት፣ ከመቀመጫው ሥር።
«ቀዝቃዛ ነው» አልኩት።
«መልሱንስ?»

ጥቁሩንም ነካሁ።