ርክክብ

በጃቫ ሰሜን ዳርቻ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣
ስብሰባ ተጠራ፤ ባሕሩ ሳይጠራ ቀድሞን ነበር ገቢ።
ሱሪያችን ጥቅልል፣ ጫማችን በእጃችን፤
ሹሙ ፓክ ዊያትኖ ቆመ ከፊታችን፤
ቆመ ስል ለነገሩ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፤
ከመንደሩ ጫማ የሱ ነው ደረቁ፣ ውኃ ያልነካው።
«ወጣቶች!» አለና፣ «የነገ ባለቤት፣
ይህን አገር ሁሉ የምትረከቡት
እናንተ ናችሁ!»

ባጋስ እጁን አነሣ። የሒሳብ ምሩቅ ነው፤
በሞተር ሰው ሲያደርስ ነው የሚውለው።
«ርክክብ ከሆነማ፣ ዝርዝሩስ የታለ?
አስረካቢው ማነው? ማኅተምስ አለ?»
ሹሙ ሣቅ አለና «ጥሩ ጥያቄ!» አለ።
(መልስ የለም ማለቱ ነው፣ እንዲህ ካለ።)

እኛው ወጣን ለቆጠራ። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፤
ጸሐፊ እኔ፣ ታዛቢ ኒንግሩም፣ ቆጣሪው ባጋስ።

መስጊድ፣ አንድ፤ ወለሉ በአፈር ሦስት ጊዜ የተሞላ፣
ከኢማሙ ቆብ እስከ ጣሪያው አንድ ስንዝር ያልሞላ።
መቃብር፣ አንድ፤ ማዕበሉ ሲሸሽ ብቻ የሚታይ፤
አያቴን ለመጠየቅ የምንሄደው ጨረቃ አይተን ከሰማይ።
የሩዝ ማሳ፣ ዜሮ። ነበር አሉ ድሮ፤
የአባቴን እርሻ ሸርጣን ያርሰዋል፣ ባሕር ውስጥ አድሮ።
የውኃ ጉድጓድ፣ ሁለት፤ ሁለቱም ጨው።
ከከተማ ያለው ፋብሪካ ከሥራችን የመጠጠው
ጥሩ ውኃ ስንት ይሆናል? መለኪያ የለንም፤ ዝለለው።
የስፌት ፋብሪካ ሥራ፤ ለሴት፣ ከሃያ አምስት በታች።
ኒንግሩም «ዘጠኝ ወር ቀረኝ» ብላ ሣቀች፤
ዘጠኝ ወር ሰው ይወለድበታል፣ እሷ ግን ታረጅበታለች።
ሥራ ለወንድ፤ «የሁለት ዓመት ልምድ ያለው»።
ልምዱ ከየት? ከሥራ። ሥራውስ?
ባጋስ፣ «ዝም ብለህ ጻፈው።»

ከቤታችን ስንደርስ ግን እርሳሴ ከእጄ ቀረ።
አባቴ ባሕሩን ሲሸሽ፣ በየዓመቱ አፈር እየጨመረ፣
ወለሉ ወደ ጣሪያ ወጣ፤ እኛ ስናድግ ቤቱ አጠረ።
እናቴ በበሩ መቃን ላይ በቢላ ትለካኝ ነበረ፤
የአራት ዓመቴ፣ የአምስት፣ የስድስቴ ጭረት
ዛሬ ከወለል በታች ነው። ልጅነቴን በቁሙ ቀበሩት።
የዐሥራ ስድስቴ ወገቤ ጋ ነው፤ ሰው ሲያየው
ያደግሁ ይመስለዋል። እኔ አይደለሁም፤ መሬቱ ነው።

ኒንግሩም «በየትኛው ዓምድ ትጽፈዋለህ?» አለች።
አልጻፍኩትም።
ታናሽ እህቴ ሴካር ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ገባች፤
ዩኒፎርሟን በራሷ ተሸክማ፣ እስከ ደረቷ ረጥባ።
ቆጠራው ይቆየን አልን፤ ሌሊት ባሕሩ ሲሸሽ ቀርከሃ ይዘን ልንገባ።

ዐሥራ ዘጠኝ ሆንን፤ ከፈረቃ የቀረች፣ ከዓሣ ማጥመድ የመጣ፣
ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያድር፣ ከክፍሉ ወር ሙሉ ያልወጣ።
ምስማሩ ከኒንግሩም ደመወዝ፣ መብራቱ ከባጋስ ሞተር፤
እስከ ብብት ጭቃ ውስጥ፣ እንጨት ስንተክል፣ ገመድ ስናስር፣
እማማ ላስሚኒ መጡ፣ ሁሌ «ሥራ ፈቶች» የሚሉን፤
የአልጋቸውን ጣውላ ተሸክመው፦
«እንኩ፤ ከእንግዲህ መሬት ላይ እተኛለሁ፣ መሬት ካለን።»

ሲነጋ ልጆቹ በእንጨቱ ላይ ሮጡ፤ ድምፁ እንደ ከበሮ።
ሹሙም መጣ፤ ጫማው ደረቅ፤ ፎቶ ተነሣ፤ ጠረገ ጉሮሮ፦
«የነገ ተረካቢ...»
ባጋስ ደብተሩን ዘረጋለት፣
ከመጨረሻው መስመር እንዲህ ተጽፎበት፦
«ከነጉድለቱ ተረክበናል። ነገን አይደለም፤ ዛሬን።
ለጎደለው ግን አስረካቢው ይፈርምልን።»

ሹሙ ኪሱን ዳበሰ፣ «እስክሪብቶ...» ብሎ ወደ ባሕሩ አየ።
ሴካር ቦርሳዋን ከፍታ፣ እርሳሷን አውጥታ ቀረፀች፤
ጫፉን ወደ ራሷ አዙራ፣ ለሹሙ ዘረጋች።