ሐሙስ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ

ሐሙስ ነው። ሦስተኛው ደወል ተደወለ።
የዓሣ ማድረቂያው ሽታ ከነፋስ ጋር መጥቶ በር ላይ ዋለ።
አሥራ አንድ ፎጣ በክንዴ፣ አሥራ አንድ ልጅ በኋላዬ፣
ቁልቁል እንወርዳለን፣ በረዶው ላይ እየከዳኝ ጫማዬ።

ሰሜን አይስላንድ ነው፤ ፀሐይ በታኅሣሥ ለሰላምታ ያህል ብቅ ትላለች፣
"ደህና ናችሁ?" ብላ ሳትጨርስ ትገባለች።
ገንዳው ግን ጣሪያ የለውም፤ ይጨሳል በብርዱ መሐል፣
የምድር ሆድ ያፈላው ውሃ ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል።

ዋናውን ሲግቫልዲ ያስተምራል፣ ፊሽካውን በጥርሱ ነክሶ፤
እኔ የሒሳብ መምህርቷ ዳር እቆማለሁ፣ ካፖርቴ እግሬ ድረስ ደርሶ።
ራስ እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ። እንደገና አሥራ አንድ።
መዋኘት አልችልም። በልጅነቴ ሐሙስ በመጣ ቁጥር
ጆሮዬን ያመኝ ነበር፣ በዘዴ፣ በልማድ።

ኤይቮር አለች፣ ክፍልፋይ ስጽፍ እንባ የሚቀድማት፣
ሩብና ሲሶ በጠመኔ ሲመጡ ሰሌዳው የሚጨልምባት።
ገንዳው አሥራ ስድስት ሜትር ነው።
አራት ላይ ራሷን አወጣችና "ሩብ!" ብላ ጮኸች፤
ስምንት ላይ "እኩሌታ!"፤ ውሃ ውጣ፣ እያሳላት ሳቀች፤
ግድግዳውን በመዳፏ መታ አድርጋ "ሙሉ!" አለች።
ሁለት ዓመት ጠመኔ የፈጀሁበትን ሳትደርቅ ጨረሰች።

ኮልቤይንስ? ሲያነብ ነጥብ አያይም፤
ቃል በቃል ላይ ይወድቅበታል፤ አያርፍም፣ አይተነፍስም።
ሲግቫልዲ አገጩን ደግፎ፣ "ሦስት ቅዘፍ፣ ከዚያ ተንፍስ" አለው።
ሰኞ ዕለት መጽሐፍ ገለጠ፤ ሦስት ቃል፣ ትንፋሽ፣ ሦስት ቃል... ገባው፦
ዐረፍተ ነገር መባሉ ዕረፍት ስላለው ነው፤
ዕረፍት የሌለው እንደሆነ፣ ይሰምጣል ተናጋሪው።

ጆሮ ከዜሮ በታች ስምንት፣ የእግር ጣት ሠላሳ ላይ፤
እርጥብ ፀጉራቸው በረዶ ሠርቶ እንደ እሾህ ቆሟል ወደ ላይ።
"ልዩነቱ?" አልኳቸው።
"ሠላሳ ስምንት!" መጣ ከእንፋሎቱ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ ሳላይ።

ታሪክን ግን ማንም አልጠራውም፤ ራሱ መጣ።
ስንመለስ መንገዳችን በቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ በኩል ነው።
ሰባት ስም ተቀርጾበታል። ሦስተኛው የአያቴ አባት።
ጀልባዋ የተገለበጠችው፣ ሚስቶቻቸው ፋኖስ ይዘው እያዩዋት፣
ከዳርቻው ሠላሳ ሁለት ሜትር ላይ ነበር፤ በጥር፣ በአንድ ሌሊት።

ኮልቤይን ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ሲያካፍል አየሁት።
"ሁለት ገንዳ ነው" አለ። "ሁለት ብቻ።
እኔ እኮ ዛሬ ስድስት ዋኘሁ።"
ባሕር ገንዳ አይደለም፣ ብርዱ ይገድላል፣ ልለው አሰብኩ፤
እውነት ነው፤ ግን ዝም አልኩ።
"ለምን አልዋኙም?"
"የሚያስተምራቸው አልነበረም።"

ኤይቮር ድንጋዩን ትታ እኔን አየች፣
ሦስት ክረምት ጠብታ ያልነካውን ካፖርቴን በዓይኗ ለካች።
"ኦድኒ፣ አንቺስ?" አለች።

ደብተር አራሚ ነኝ፤ ስህተትን በቀይ መክበብ አውቃለሁ፤
ያን ቀን ግን በአሥራ አንድ ልጆች መሐል እኔው ተከብቤያለሁ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ደወሉ ተደወለ።
ራስ የምትቆጥረው ኤይቮር ናት።
በክንዴ ያለው ፎጣ አሥራ ሁለት ነው።