ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት

መሃል ሜዳ ጠዋት፣ ጥቅምት አጥንት ሰብሮ፣
ሣሩ ላይ ውርጭ አለ እንደ ጨው ተዘርዝሮ፤
አስካለች ጌጡ ናት በሬን የምትመታ፣
ከደብረ ብርሃን በማታው መኪና ገብታ።
አላለቀሰችም። ወረቀት ዘርግታ
“ስልሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት” አለች በዝግታ።

“ጣቴን በመስታወቱ ከላይ ታች አሳልፌ
ሦስቴ ፈለግሁት ስሜን፣ አፍንጫዬን ለጥፌ።
የነርስ መቁረጫው ሰባ ነው አሉን፣ መምህር፤
ስድስት ፍርፋሪ ጎደለኝ፣ ከነጥቧ ሥር።”

ትራንስክሪፕቷን አየሁ። ባዮሎጂ ዘጠና አንድ።
ኬሚስትሪም ደህና ነው፤ አማርኛም የሚወደድ።
ሒሳብ ግን አርባ ሦስት፤
ይህችን ቁጥር ማን ጻፋት? በቀይ ብዕር የእኔው ጣት።

ትዝ አለኝ የመጋቢቱ፣ ያ የሠላሳው ፈተና፤
ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ማን ጠየቀ “ምን ሆና?”
“ቀሪ” ብዬ ጻፍኩኝ፤ ከጎኑ ዜሮ አኖርኩ፤
ክብ፣ ንጹሕ ዜሮ። ሲደወል ምሳ ሄድኩ።

ለካ በዚያ ሌሊት ወይዘሮ ደብሪቱን
ምጥ ይዟት ሁለት ቀን፣ ተሸክመው ቃሬዛውን
ከጓሳው አፋፍ ቁልቁል ስምንት ወንድ ሲያወርዷት
አስካለች ባትሪ ይዛ ከፊት ታበራላት፤
በምጥና ምጥ መካከል ደቂቃውን ስትቆጥር፣
“አራት ነው… አሁን ሦስት” እያለች ስትናገር።
እትብት ሲቆረጥ መቀሱን ያቀበለችዋን ልጅ
የመቁረጫ ነጥብ ቆርጧት ቀረች ከደጅ።

ያ ሁሉ ቆጠራ በእኔ መዝገብ የለም።

“ተነሽ!” አልኳት፣ “እንሂድ ርእሰ መምህሩ ጋር፤
ምክንያትሽ ይጻፍና ይህቺ ዜሮ ትሻር።
አንድ ማኅተም አይደል? ለስድስት ፍርፋሪ!”
ራሷን ነቀነቀች፣ ሳቅ ብላ እንደ አፋሪ።

“እሷስ ትሁን፤ ቀሪዋን ይሻሯት እንበል፤
የተቀመጥኩበትስ ፈተና? አስርዮሽ ሲባል
ነጥቧን ሁልጊዜ እጥላታለሁ ያለ ቦታዋ።
ያን ሌሊት ነርሷን አየኋት፣ መርፌ ስትይዝ በእጇ፣
ብርሃን ላይ አንስታ ሁለቴ ሦስቴ ስትለካ፤
ነጥቧ አንድ ቤት ብትሸሽ መድኃኒቱ መርዝ ነው ለካ።
እኔ ብሆን ኖሮ ደብሪቱ ሞታ ነበር።
ማኅተሙ ይቅርብኝና፣ መምህር፣ ያስጠኑኝ ቁጥር።”

ምን ልበል? ሃያ ሁለት ዓመት በጠመኔ አቧራ ስኖር
“ኤክስን ፈልጉ” ነው ያልኩት፣ ለምን እንደሆነ ሳልናገር።
ዜሮዋ በደል ነበረች፤ አርባ ሦስቷም እውነት ናት፤
ሁለቱን ባንድ አፍ መናገር ከበደኝ በዚያ ጠዋት።

አሁን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ገብተን፣
ሃይላንድ ከሚስማር ሰቅለን፣ ክዳኑን በመርፌ በስተን፣
ጠብታ እንቆጥራለን። “በደቂቃ ስንት?” እላለሁ፤
ሰዓቴን ፈትቼ ሰጥቻት፣ እኔ በልቤ እቆጥራለሁ።
“ግማሽ ሊትር በአራት ሰዓት፤ ሃያ ጠብታ በሚሊ።”
ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። አልኳት “ቀስ በይ፣ አትቸኩሊ።”
“አርባ አንድ ነጥብ ስድስት ሰባት…” ጠመኔው ቆመ፣ አሰበች፤
“ጠብታ አይሸረፍምና አርባ ሁለት ነው” ብላ ጻፈች።

ልክ ነሽ አልኳት። ከአምስት ሲያልፍ ወደ ላይ ይጠጋል።
ነጥብ አራትስ? አልጠየቀችም። ታውቃለች፤ ይወርዳል።

ከርሞ የኮሌጁ ፈተና አለ። መቁረጫው ስንት ይሆን?
እኔም አላውቅም፣ ሰሌዳውም። ዝም ብለን ቆየን፣
ከሃይላንዱ ሥር ጣሳው ላይ ውኃው ጠብ፣ ጠብ ሲል።

ውጭ ብርዱ ጀምሯል። ባትሪዋን አበራች፤
“ነገም በዚህ ሰዓት” ብላ ከፊት ከፊቴ ሄደች።