የጉልሱም ቁልፍ

ከተማው በር የለው፣ ቁልፍ ግን ሞልቶታል፤
ኒያዚ ኮንቴይነር ውስጥ ብረት ይሞርዳል።
«አባዛልኝ» ይሉታል፤ የየትኛው በር? አይልም፤
አንታክያ ውስጥ ዘንድሮ ይህ አይጠየቅም።

ሙዜየን መጣች፣ የአራተኛ ፎቅ ሴት፤
አራተኛ ተኝታ የነቃች ምድር ቤት።
በዚያ ድቅድቅ አቧራ የልጇን እጅ ስትሻ
ያገኘችው ቁልፍ ነው፤ ያዘችው እስከ መጨረሻ።
«ለጉልሱም አንድ ቅጂ፤ ስትመጣ ደጅ እንዳትቆም።»
ቀረጸላት። ሒሳብ አላለም።

በሦስተኛው ዓመት ዕጣ ወጣላት፤
ኮረብታው ላይ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ቤት።
ኒያዚ አብሯት ወጣ፣ መዶሻውን ይዞ።
የድሮውን ሰካች፣ እጇ ለምዶ፣ ፈዞ፤
አልዞር አለ።
«ጠበቀ» አለች።
«አዲስ በር ነው እኮ፣ ቀስ እያለ ይላላል።»
አዲሱን አቀበላት፤ ሌላ ምን ይላል?

ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል ሳሎን።
ለጉልሱም ቁልፍ መስቀያ እንዲሆን
ምስማር ቢመታ፣ ግድግዳው ነዘረ።

ሁለቱም ቀና አሉ፣ ወደ አምፖሉ፤
ትንፋሽ ይዘው ቆዩ፣ ምንም ሳይሉ።
አልተወዛወዘም።

ደግሞ መታ።