የቀጠሮ ስፖርት

ደብረ ብርሃን ቢሮ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ወንበሬ ያውቀኛል ከሚስቴ በላይ።
ሐኪሟ “ተራመድ” ብላ ብታዝዘኝ፣
በየት በኩል ልውጣ? ፋይል ቆልፎ ያዘኝ።
ንጋት ላይ እንዳልሮጥ ውርጩ ጆሮ ይበላል፣
ማታ የልጄ ደብተር ጭኔ ላይ ይዘላል።

ጋሽ ሸዋፈራሁ፣ ሰባ ሁለት ሞልቷቸው፣
“ነገ ይመለሱ” ስድስቴ ብያቸው፣
ከጠባሴ በእግር መጥተው
ደረጃውን ወጡት ሳያለከልኩ፤
ተቀምጬ ሳለሁ እኔ አለከለክኩ።
“ልጄ” አሉኝ፣ “ላመስግን የቢሮህን ቀጠሮ፣
ጉልበቴን አፍታታው፣ አጸናው ዘንድሮ።”

ያን ዕለት ተነሣሁ ፋይላቸውን ፍለጋ፤
መዝገብ ቤት ምድር ነው፣ ከጄኔሬተሩ ጋ።
ወረድኩ። አጣሁት። ወጣሁ።
ቁጥሩን ተሳስቻለሁ።
ደግሞ ወረድኩ።
አቧራ ለብሶ አገኘሁት፤ ላቤ ጠብ አለበት፣
ከፊርማዬ ጎን ላይ ማኅተም መስሎ ደረቀበት።

አሁን ባለጉዳይ ወንበሬ ላይ ያርፋል፤
ደረጃው በኔ እግር ሲወጣ ሲወርድ ያልፋል።
ግፊቴ? ትንሽ ቀንሷል፣ አላጋንንም።
ጋሽ ሸዋፈራሁ ግን፣ ጉዳይ አልቆላቸው፣
ቤት ቢውሉ ጊዜ፣ ጉልበት ያዛቸው።