ሁለት እጅ

አባቴ ኦንድሬይ ፓልኮ በጣም ረጅም ነበር፤
በፔንሲልቫኒያ ከሰል፣ በዚያ ጥቁር መንደር
ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ
እሱን ዋሻው ተፋው፤ ቁመቱ ሆነ ጉድ።
«ጎንበስ በል» ቢሉት እንኳ ጣራው አልቻለውም፤
አያቴም እየሳለ «ይኼስ ለሥራ አይሆንም!»

ሥራው ግን ተገኘ ከዳንስ ቤት ፎቅ ላይ፤
ቅዳሜ የጭፈራ፣ ዓርብ የኳስ አደባባይ።
ለዳንሱ ሲባል ወለሉ ሰም ጠጥቷል፤
ሮጦ የሚቆም የለም፣ ሁሉም ይንሸራተታል።
አባቴ ሲያወጋን እንዲህ ይል ነበረ፦
«ሰሙስ ከእግሬ ሥር ነው፤ ወርቁ የት ቀረ?»
ወርቁማ ፖስታ ውስጥ፦ በጨዋታ አምስት ዶላር፣
ሲሸነፉ አራት፤ ቀሪው በዱቤ ማደር።

ከፊተኛው ወንበር አንዲት ባለ ባርኔጣ
መርፌዋን ነቅላ ባቱን ወጋችው ሲመጣ።
ከስድስት ዓመት በኋላ ልጇን፣ እናቴን፣ አገባት፤
ባለ መርፌዋ አማቱ ሆነች፤ ይቅርታ ግን የላት።

ከጦርነቱ በኋላ ሊግ የሚሉት መጣ፤
ውል ፈረመ፣ ባቡር ያዘ፣ ወደ ምዕራብ ወጣ።
ማሊያው ሱፍ ነበረ፤ በሆቴል ያጥበዋል፣
ሳይደርቅ ሻንጣ ይከተዋል፣ ርጥቡን ይለብሰዋል።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባቡር ሲያወርዳቸው
በቆሎ የታጨደበት ሜዳ ነው ጣቢያቸው፤
አሥር ረጃጅም ጥላ፣ በረዶው እስከ ጉልበት፣
የአንድ መጠጥ ቤት መብራት ፍለጋ በጽልመት።

ሲወረውር እግሮቹ ከመሬት አይነሡም፤
ለሽማግሌ ዕቃ እንደሚሰጥ፣ በአንድ እጅ አይደፍርም፦
በሁለት እጅ፣ ከደረቱ፣ ቀስ ብሎ፣ አስቦበት፤
ቀለበቱ እስኪቀበለው ቆሞ ይጠብቅበት።
ማቆየትም ያውቃል፤ ቡድኑ በአንድ ሲመራ
ኳሷን ታቅፎ ይቆማል፣ እንደ ሰው አደራ።
ሕዝቡ ያፏጫል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ሳንቲም ይወረውራል፤
እሱ የግድግዳውን ሰዓት ያያል።

ከዚያ በአንድ ክረምት ሁለት ነገር መጣ።
አንዱ ከኢንዲያና የመጣ ጎረምሳ፣ ዴልማር ፎክት የሚሉት፤
ዘሎ፣ አየር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጅ ይወረውራል።
አባቴ ክንዱን ዘርግቶ መሬት ላይ ሲጠብቀው
ልጁ ሰማይ ላይ ሥራውን ጨርሷል።
ሁለተኛው አዲስ ሰዓት ነው። ሃያ አራት ሰከንድ።
ከዚያ በላይ ኳስ ማቀፍ ጥፋት ሆነ።

አሰልጣኙ ቁርስ ላይ፣ እንቁላሉን እየቆረጠ፣
«ፓልኮ፣ ቸኩሎ የሚያስብ ሰው ነው የምንፈልገው» አለው።
የቁርሱን ሂሳብ ግን ከፈለለት።

እኔ የማውቀው ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰው ነው፤
የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ፣
ወገቡ ላይ አርባ ቁልፍ።
ወለሉን ሰም የሚቀባው እሱ ነው። አያበዛውም፤
ልጆቹ እንዳይንሸራተቱ።
የጡረታ ደብዳቤ መጣ፦ አምስት ዓመት ይጠይቃል፣
የሱ አራት ከመንፈቅ ነው።
አጣጥፎ ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር አደረገው።
ጠረጴዛው ቆመ።

አንድ ማታ ሾርባው ሲቀዘቅዝ ልጠራው ሄድኩ።
ጂምናዚየሙ ጨለማ። በሩ ላይ ቆምኩ።
አላየሁትም፤ ሰማሁት፦
ትንፋሹ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ረጅም ዝምታ፣
ከዚያ መረቡ «እሺ» ሲል።
ሲስት መረቡ ምንም አይልም፤
ኳሷ ብቻዋን ጨለማው ውስጥ ትርቃለች፣
እሱም ቁልፎቹን እያንቃጨለ ይፈልጋታል።
አሥራ ዘጠኝ «እሺ» ቆጠርኩ።

ቤት ስንገባ እናቴ «የት ቆያችሁ?» አለች።
«ወለል ስወለውል» አለ።
እኔም ምንም አልተነፈስኩ።
ሁለት እጁን ታጥቦ ወደ ሾርባው ቀረበ።