ሆድ ያወጣ ግንብ

ግንብ ሆዱን ሲነፋ ከሩቅ ነው የማውቀው፣
በመዶሻ እጀታ ኳ አርጌ ነው የምጠይቀው፤
ድፍኑ ዝም ይላል፣ ባዶው ያስተጋባል፤
ጠይቁ ቁስቋምን፣ አጥሩ ይናገራል።

ዶክተር ትርንጎ ፎቶዬን ብርሃን ላይ ዘርግታ፣
«ጋሽ ቢያድግልኝ» አለች፣ ድምፅዋን ገትታ፣
«የትልቁ ደም ስርዎ ግድግዳ ሆድ አውጥቷል።»
ሳቅሁ። በኔው ቋንቋ ነበር የነገረችኝ፤
አርባ ዓመት የሰው ግንብ ስጠግን የራሴ አመለጠኝ።

«ማን ይገባል ታዲያ?»
ወደ ጥግ አሳየችኝ። ባለ አራት ክንድ ማሽን፣
ላስቲክ ለብሳ ቆማለች እንዳልተመረቀ ሐውልት።
«እጇ አይንቀጠቀጥም።»
የኔን ከጋቢው ስር ሸሸግሁት።

«ግድግዳው ባዶ ሲል ትሰማለች ወይ?»
ትርንጎ ትንሽ ቆየች።
«አትሰማም። ዓይን ነው ያላት። እጁ ግን የኔ ነው፤
ከዚያ ማዶ ተቀምጬ እኔ ነኝ የማዘው።»
ፈረምሁ። ድንጋይም እንዲህ ነው፤ አይሸነግልም።

ጠዋት ከመብራቱ ስር፣ መርፌው ሳይጥለኝ፣
ነርሷ ዞር ስትል
ክንዷን በጣቴ አንጓ ኳ አረግሁት።
ባዶ ነው። አስተጋባ።

ከማዶ ጥግ ግን፣ ከስክሪኑ ኋላ፣
«አለሁ» አለች ትርንጎ።